የሙሽራው አባት «ግላመረስ»

የሠርግ መድረክ መሪዎች ሰሞኑን አማርኛው አልበቃ ብሏቸው በእንግሊዝኛ ማሞገስ ይዘዋል። ሙሽራዋ «ቻርሚንግ»፣ ሚዜዎቹ «ቻርሚንግ»፤ የሙሽራው አባት ኩታቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ ደግሞ «ግላመረስ አባታችን!» እግዚኦ! ግላመር መብራት፣ ሜካፕ፣ ውድ ልብስና ራቅ ብሎ የሚያይ ሰው ይፈልጋል፤ ጠዋት ፊት ሲታጠቡ አብሮ ይታጠባል። ጋሼ ያላቸው ግርማ ሞገስ ነው፤ እሱ በውኃ አይለቅም።

ቃሉ ራሱ ጉደኛ ነው። ስኮትላንዶች «ግራመር»ን፣ ማለትም ሰዋስውን፣ አጣመው ነው «ግላመር» ያሉት፦ ሰዋስው የቆጠረ ሰው አስማትም አያጣም ብለው ስለጠረጠሩ ዓይን የሚያፈዝ ድግምት ማለት ሆነ። ደብተራ ባለበት አገር ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። «ቻርም»ም ከላቲኑ «ካርመን» ነው፤ ዜማም ድግምትም ማለት፤ ዛሬም ክታቡን ቻርም ይሉታል። ቀልብ የሚስበውን «ፋሲኔቲንግ» ማለት ደግሞ ይብሳል። ሥሩ በክፉ ዓይን መጉዳት ስለሆነ፣ «ፋሲኔት አድርጋኛለች» የሚል ጎረምሳ በቀጥታ ጠበል መወሰድ አለበት።

የዚህ ሁሉ ጥፋት ምንጭ ግን የኪስ መዝገበ ቃላት ነው። ቻርሚንግ፦ ማራኪ። ካሪዝማቲክ፦ ማራኪ። አሉሪንግ፦ ማራኪ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ይሸጡልናል! አሉሪንግ ውስጥ እኮ ምኞት አለ፤ መዝገቡን አምኖ ለአለቃው «አሉሪንግ ፈገግታዎ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ የሚጠራው ለዕድገት አይደለም። ካሪዝማ ደግሞ ሕዝብ ይፈልጋል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጸጋ ስጦታ የጻፈበት ግሪክኛ ነው፤ ወደ መሪዎች ሥልጣን ያመጣው ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ቬበር ነው። ቻርም አዳራሽ አያሻውም፤ አንድ የቡና ረከቦት ይበቃዋል፦ ስምዎን ይይዛል፣ የእናትዎን ጉልበት ሕመም ይጠይቃል፣ ሲሄድ ብድር ይጠይቃል።

«አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የተባለው ለዚህኛው ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ሄር ሳይኮፓት፣ ማለትም ርኅራኄና ጸጸት የሌለው ሰው፣ መለያ ባለ 20 ነጥብ ዝርዝሩን የጀመረው በአፈ ጮሌነትና በላይ ላዩን ቻርም ነው። እኛ ያለ ዩኒቨርሲቲ በአራት ቃል ጨርሰነው ነበር።

ለእንግሊዞቹም ቢሆን ቃሉ ሁልጊዜ ሙገሳ አይደለም፤ የተሰደበ ሰው ከንፈሩን አጣሞ «ቻርሚንግ!» ይላል፤ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ ሲጻፍም ብዙውን ጊዜ ጠባብና አሮጌ ማለት ነው። መድረክ መሪው ይህን ሁሉ ይወቅ አይባልም፤ የሙሽራዋን እናት «አሉሪንግ» ከማለቱ በፊት ግን አንድ ሰው ማይኩን ይንቀልልን።