መብራት ሲጠፋ ይጥማል

ስለ አማተር ራዲዮ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ኮሞዶር 64 በተባለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር የሚሠሩትን የፓኬት ራዲዮ (ጽሑፍን በጥቅል በጥቅል አድርጎ በራዲዮ የመላላኪያ ዘዴ) ፕሮግራሞች «መጫወቻ» ብሎ ማለፉ ከነከነኝ። ከነሱ አንዱ፣ ዲጂኮም 64፣ እኮ ጥቅሎቹን የሚያዘጋጀውንና የሚፈታውን ውድ መቆጣጠሪያ ሳጥን ያስቀረ ፕሮግራም ነው። ትንሽ ሞደም ብቻ በቃው። የቀረውን፣ ኤኤክስ 25 የተባለውን የፓኬት መላላኪያ ደንብ (ፕሮቶኮል) ጨምሮ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ራሱ ሠራው።

እኔም የራዲዮ ጽሑፍ የመፍታቱን ሥራ ለኮምፒውተር የሰጠሁ፣ የጎንደር አዘዞ ሰው ነኝ። ኤስኤስቢ (አማተሮች የሚጠቀሙበትን የስርጭት ዓይነት) መቀበል ከምትችል የባትሪ ራዲዮዬ ድምፁን ወደ አሮጌ ላፕቶፕ አስገብቼ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ በሚፈታው ኤፍኤልዲጂ በተባለ ፕሮግራም፣ 14.070 ሜጋኸርዝ ላይ ፒኤስኬ31 (አማተሮች በራዲዮ እየተየቡ የሚያወሩበትን ዘዴ) እከታተላለሁ። መቀበል ብቻ ነው፣ አልልክም። የሚጥመኝ ታዲያ መብራት ሲጠፋ ነው። የጎረቤት ቻርጀርና አምፖል ረብሻ ጸጥ ሲል፣ ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀው ፊደል ቃል ይሆናል። እናቴ ሻማ እየፈለገች «ደግሞ ምን ያስቅሃል?» ትለኛለች። የሚልከው ሰው ሲተይብ ፊደል በፊደል ይታያላ! ተሳስቶ ሲያጠፋ ጭምር።