የማስተርስ ተማሪ ቀድሞ ምን ይያዝ፦ ፒፔት ወይስ ኮድ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «የሞለኪውላር ባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመቱን ከቤተ ሙከራ ይልቅ በኮድና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያሳልፍ።» ደጋፊዋ የባዮኢንፎርማቲክስ ባለሙያ ናቸው። ተቃዋሚው የሞለኪውላር ባዮሎጂ መምህር ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ፦

የማስተርስ ተማሪ በእጁ ያለው ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ በኮርስ ያልቃል። ፕሮፖዛሉ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ገብቶ፣ አስተካክል ተብሎ ተመልሶ፣ እንደገና ገብቶ እስኪጸድቅ ሌላ ወራት ይሄዳሉ። ከዚያ ሪኤጀንት (የሙከራ ኬሚካል) ይታዘዛል፤ መከራው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ዲኤንኤን ለሚያባዛው ፒሲአር የሚያስፈልገው ኢንዛይም፣ ታክ ፖሊመሬዝ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አልፎ የመጣው ሣጥን ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ሲሰነብት በረዶው ይቀልጣል፣ ኢንዛይሙ ይሞታል። ተማሪው ይህን የሚያውቀው የተባዛው ዲኤንኤ እንደ መስመር የሚታይበት ጄል ባዶ ሆኖ ሲያየው ነው፤ ጥፋቱ የኢንዛይሙ ይሁን የራሱ እጅ ግን መለየት አይችልም። አማካሪው «ድገመው» ይለዋል። የሚደግምበት ሪኤጀንት የለም።

በዚያው ጊዜ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ሥራ ላይ ነው። የወባ ተውሳኩ የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ሙሉ ጂኖም ከ2002 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የወባ ናሙናዎች የዘረመል ንባብ በነጻ ይወርዳል። አልፋፎልድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በ2020 በፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ውድድር ተፎካካሪዎቹን በሰፊ ልዩነት ቀደመ፤ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች በነጻ ተለቀቁ፤ በ2024 የአልፋፎልድ ሠሪዎች ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር አዳዲስ ፕሮቲን ከሚነድፈው ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ፕሮቲን አጣርቶ፣ ክሪስታል አሳድጎ፣ በኤክስሬይ አንስቶ ዓመታት ይፈጅ የነበረውን የዶክትሬት ሥራ ይህ መሣሪያ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል። ተማሪዎቻችንን ከዚህ አርቀን ባዶ ጄል ፊት ማስቀመጥ በዕድሜያቸው መጫወት ነው።

ተቃዋሚው፦

በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ የዶክትሬት ሥራ የለም። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ በዝምታ አላልፈውም።

አስቀድሞ አንድ እርማት። ታክ በረዶ ስለቀለጠ ብቻ አይሞትም። የተገኘው ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ በየዙሩ 95 ዲግሪ እየገባ የሚወጣ ኢንዛይም መጋዘን ውስጥ ጥቂት ቀን መቆየት አይገድለውም። ከእርሱ ቀድመው የሚጎዱት እየቀለጡ እየረጉ የሚመላለሱት ዲኤንቲፒዎች፣ የዲኤንኤ መገንቢያ ጡቦቹ፣ ናቸው፤ የአርኤንኤ ሥራ ከሆነ ደግሞ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ። ጄሉ ባዶ የሆነበት ተማሪ ይህን ካወቀ አዲስ ኢንዛይም ከማዘዙ በፊት ዲኤንቲፒውን ቀይሮ ይሞክራል። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ወንበር ላይ ሆኖ አይደለም፣ ልጄ።

ወደ አሥሩ ደቂቃ ልመለስ። አልፋፎልድ የሚሰጠው ባለቀለም ሥዕል ነው። ጥቁር ሰማያዊው ክፍል እርግጠኝነቱ ከ90 በላይ ነው፤ ብርቱካናማው ከ50 በታች። ብርቱካናማው እንደ ተፈታ ክር ተዘርግቶ ሲታይ ተማሪው «ፕሮቲኑ እዚህ ጋ ክንድ አለው» ብሎ ይጽፋል። ክንድ አይደለም፤ ማሽኑ «እዚህ አላውቅም» ማለቱ ነው። በነጻ በተለቀቀው የቅርጾች መዝገብ ውስጥ ባሉት ሥዕሎች ሄሞግሎቢን ብረት ያዘለው ክፍሉ፣ ሄሙ፣ የለም፣ ዚንክ የሚይዝ ፕሮቲን ዚንኩ የለም። መድኃኒት የሚያሸንፍ አንዲት የአሚኖ አሲድ ለውጥ ብታስገቡ የሚወጣው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ከቀድሞው አይለይም። ማሽኑስ ከየት ተማረ? በአብዛኛው ሰዎች በእጃቸው ካሳደጓቸው ክሪስታሎች ተገኝተው ከ1971 ጀምሮ በአንድ መዝገብ ከተከማቹ ቅርጾች።

ስለ ወባ ካነሡ ወባ ላይ እንቆይ። ጤና ጣቢያ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የሚባለውን የተውሳኩን ፕሮቲን ነው። ይህ ጂን የሌላቸው ተውሳኮች ፔሩ ውስጥ መኖራቸው በ2010 ተዘገበ። ኤርትራ በ2016 በዚሁ ምክንያት መመርመሪያዋን ቀየረች። በአገራችንም በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከተሰበሰበ ናሙና የተገኘው ውጤት በ2021 ታትሟል። በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ መመርመሪያው «ወባ የለም» ይላል። አሁን አልፋፎልድን ስለ ኤችአርፒ2 ይጠይቁት። ተውሳኩ ጂኑን ከጣለው በኋላም ማሽኑ ፕሮቲኑን ይስልልዎታል። የሚያነበው መዝገብ ነውና፤ ሑመራ የተኛው ሰው ደም ውስጥ ምን እንደጎደለ የሚያውቀው ጣቱን ወግቶ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደም የወሰደ፣ ወረቀቱን ከነእርጥበት መጣጩ የያዘ ሰው ነው። እጁ የሠለጠነ ሰው ሥራ አያጣም።

ደጋፊዋ፦

መምህር፣ «ልጄ» የሚለው ቃል በቤት ውስጥ የምወደው ነው። በአደባባይ ክርክር መካከል ሲገባ ግን ነጥቤን ከመመለስ ይልቅ ዕድሜዬን መመለስ ይሆናል። በዚህ መስክ የምሠራ ባለሙያ ነኝ፤ እንደ ባለሙያ ይመልሱልኝ።

«እጁ የሠለጠነ ሰው ሥራ አያጣም» አሉ። የት? ፒሲአር መሥራት የሚችል ተመራቂ በየዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ይወጣል። ለአንድ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። በአንጻሩ በኮቪድ ጊዜ የመጡት የሲኩዌንስ (የዘረመል ንባብ) ማሽኖች ያለቁበት ቦታ ላይ ይድረሱ፦ ናሙናው ተነቧል፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ የሚተነትነው ሰው ስለሌለ ዳታው ወደ ውጭ ይላካል። ትንታኔው ውጭ ሲሠራ የመጀመሪያው ደራሲም ውጭ ይሆናል። የእኛ ልጅ ስም መሐል ላይ ከሃያ ስም ጋር ይደረደራል። ይህ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው።

የጠቀሱትን የ2021 ሥራም ልብ ብለው ይዩት። ጂኑ መጥፋቱን ፒሲአር አሳየ፤ ልክ ነው። ተመሳሳዩ ጂን ኤችአርፒ3 ከኤችአርፒ2 ቀድሞ መጥፋቱን፣ የኤችአርፒ3 መጥፋት ከአንድ ጊዜ በላይ ለየብቻ መነሣቱን፣ የኤችአርፒ2 መጥፋት በቅርብ ጊዜ በተፈጥሮ ምርጫ ግፊት መስፋፋቱን ያሳየው ምንድን ነው? በጂኑ ግራና ቀኝ ያለውን የዘረመል ልዩነት የቆጠረው ስሌት ነው። ጄል ይህን አያሳይም።

አሥር ደቂቃ ያልኩት ቅርጹን ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ ነው።

ተቃዋሚው፦

«ልጄ» ያልኩት በፍቅር ነው፤ ካስከፋዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አልደግመውም።

ነገር ግን የጻፉት «የዶክትሬት ሥራ» እንጂ «ቅርጽ» አልነበረም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ዶክትሬት ማለት ቅርጹ ልክ መሆኑን በሌላ መንገድ ማሳየት፣ አንዱን አሚኖ አሲድ ቀይሮ ፕሮቲኑ ሥራውን ማቆም አለማቆሙን መለካት ነው። ሥራው ከትንበያው በኋላ የሚጀምር ከሆነ በአሥር ደቂቃ የተጨረሰው ምኑ ነው?

ይህ አነጋገር ላብ ውስጥ የሚያመጣውን ልንገርዎ። ተማሪው ፕራይመር (ፒሲአር የሚያባዛውን ቦታ የሚያመለክት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) እንዲነድፍለት ቻትቦት ይጠይቃል። ወዲያው ሁለት ባለ20 ፊደል ፕራይመር ይመጣሉ፤ ግማሹ ጂና ሲ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት፣ የመቅለጫ ሙቀታቸው ተቀራራቢ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የወጡ ይመስላሉ። ጥርጣሬ መጀመር ያለበት እዚሁ ነው፤ የዚህ ተውሳክ ጂኖም 80 በመቶ ገደማ ኤና ቲ ነውና ግማሽ በግማሽ የሆነ ፕራይመር የትኛው ጂን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለበት። አንዳንዴ የትም አያርፍም፤ አንዳንዴ የሰው ዲኤንኤ ላይ ያርፋል። ከበሽተኛ ደም በወጣ ዲኤንኤ ውስጥ ደግሞ የሰው ዲኤንኤ የተውሳኩን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጄሉ ላይ ደማቅ መስመር ይወጣል፣ ተማሪው ይደሰታል፣ ያባዛው ግን የበሽተኛውን ጂን ነው። ከመታዘዙ በፊት ፕራይመሩ የት እንደሚያርፍ በሚፈልገው በፕራይመር ብላስት በሰውም በተውሳኩም ጂኖም ላይ መፈተሽ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደጋፊዋ፦

ይህ የእኔ ክርክር ነው! ፕራይመር ብላስትን የሚከፍተው፣ የጂኖሙን የጂና ሲ መጠን የሚያውቀው ስሌት የተማረ ልጅ ነው። ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን ሳይማሩት መጠቀማቸው ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ይዋል እያልኩ ያለሁት ማሽንን መጠርጠር እንዲማሩ ነው።

ትልቁ ጥፋት ፕራይመር ላይም አይደለም፤ ዳታ ሲከፈል ነው። ተማሪው መድኃኒት የተላመደ ተውሳክን ከጂኖሙ የሚለይ ሞዴል ይሠራል። ናሙናውን በዕጣ 80 በመቶ ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶ ለመፈተኛ ይከፍላል። ከአንድ ወረርሽኝ የመጡ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ ተውሳኮች በሁለቱም ወገን ይገባሉ። ሞዴሉ መልሱን ቀድሞ አይቶታል፤ ፈተናው ፈተና አይደለም። በዕጣ መክፈል ትቶ በቦታ ወይም በዓመት ይክፈል፦ በጋምቤላ ያሠልጥን፣ በሌላ ክልል ይፈትን። ሌላም አለ፦ ከሺዎች ጂኖች 50ውን በሙሉው ዳታ ላይ ከመረጠ በኋላ ቢከፍል መልሱ አስቀድሞ ፈስሷል። መፈተኛው ቀላል ነው። «ተላምዷል» ወይም «አልተላመደም» የሚለውን የናሙናዎቹን መለያ በዕጣ አዘበራርቆ ሥራውን ከምርጫው ጀምሮ ይድገመው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ ትክክለኛነቱ ወደ 50 በመቶ መውረድ አለበት። 80 ላይ ከቆመ የሆነ ቦታ መልስ እያፈሰሰ ነው። ኤክሴልን እንኳ ያለ ጥርጣሬ መክፈት አይቻልም፤ «ሴፕት2» የሚባለውን ጂን ወደ ሴፕቴምበር 2 ቀን ስለሚቀይረው የጂን ስያሜ ኮሚቴው በ2020 ስሙን እስከ መቀየር ደርሷል።

ተቃዋሚው፦

እንግዲህ የሚሉት ከመጀመሪያው ተለውጧል። በመጀመሪያ ማሽኑ ሥራውን ይጨርሳል ነበር፤ አሁን ማሽኑን መጠርጠር ይማሩ ሆኗል። በሁለተኛው እስማማለሁ። ስለዚህ ግልጹን እንነጋገር፦ ትንበያ ብቻ የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ይለፍ ወይስ አይለፍ? እኔ አይለፍ እላለሁ። ተማሪው የተነበየውን አንዷን ነገር እንኳ በእጁ መፈተን አለበት።

አንድ ጄል ላሳይዎት። አራት ናሙና። አንደኛው ኤችአርፒ2 ያለው የላብ ዝርያ 3ዲ7፤ መስመር አለው። ሁለተኛው ጂኑ የሌለው ዲዲ2፤ ባዶ ነው፣ መሆንም አለበት። ሦስተኛውና አራተኛው በሽተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ባዶ። ችኩሉ «ሁለቱም ጂኑን ጥለዋል» ይላል። የሠለጠነው ተውሳኩ የማያጣቸውን ሌሎች ጂኖች፣ ኤምኤስፒ1ንና ኤምኤስፒ2ን፣ ይሞክራል። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ወጡ፤ ዲኤንኤው በቂ ነበር፣ የጠፋው ኤችአርፒ2 ነው። አራተኛው ላይ ምንም አልወጣም፤ ተውሳኩ ጥቂት ነበር ወይም ወረቀቱ እርጥበት ገብቶታል፤ ከቆጠራው ይወጣል። አራተኛውን ከሦስተኛው ጋር የደመረ ተማሪ አንድ ክልል መመርመሪያ እንዲቀይር ያደርጋል። ይህን መለየት ከስክሪን ይማሩታል?

ደጋፊዋ፦

አራተኛው ይውጣ፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ሦስተኛው ይቆጠር። ቀጥሎስ?

የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት የሚያመልጡት በሽተኞች 5 በመቶ ሲደርሱ ነው። ተማሪዎ ከአንድ ወረዳ 40 ንጹሕ ናሙና አገኘ፤ ሁሉም መቆጣጠሪያ በትክክል ወጣ፤ ሁለቱ ጂኑን ጥለዋል። ከ40 ሁለት፣ 5 በመቶ። ልክ ደረሰ ብሎ ይጽፋል። የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ግን ከ0.6 እስከ 17 በመቶ ድረስ ነው። ወረዳው ውስጥ ችግሩ እዚህ ግባ አይባልም ማለትም ይቻላል፣ ከስድስት በሽተኛ አንዱ እያመለጠ ነው ማለትም ይቻላል። ስንት ናሙና እንደሚበቃ ማስላት የነበረበት ሰው ወደ ወረዳው ከመውጣቱ በፊት ነበር፤ እንደ እርስዎ አቀማመጥ ግን ስሌቱን የሚማረው በሁለተኛው ዓመት፣ ወረቀቱ ሁሉ ተበስቶ ካለቀ በኋላ ነው። ጤና ቢሮው መመርመሪያውን ይቀይር ወይስ አይቀይር?