ዶማውን ከቅጣት አውጡት

ወገኖቼ፣ እስቲ አስታውሱ። በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ ምን ይደረግ ነበር? እኛ ጋ አረም ይነቅል ነበር። ጥፋቱ ከበድ ካለ ዶማ ተሰጥቶት ጓሮ ይቆፍራል። ጎበዙ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ጥፋተኛው ፀሐይ ላይ አፈር ይምሳል።

ቤት ስንገባ ደግሞ እኛ ወላጆች ተቀበልን። «ካልተማርክ ገበሬ ሆነህ ነው የምትቀረው!» እንላለን፤ ያውም እንጀራው ፊታችን ቀርቦ። አስፋልት ሲሻገር የተደናገረ ሰው ካየን «ባላገር!» ነው ስድባችን። ከዚያ ዞር ብለን «የዛሬ ልጆች ግብርና ይንቃሉ» ብለን እናማርራለን። ከማን ተማሩት?

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በዓለማያ ኮሌጅ ነው የተማሩት። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ስንቱ ልጃችን ስማቸውን ያውቃል? የእንግሊዝ ተጫዋቾችን ግን ከነማሊያ ቁጥራቸው ይዘረዝርልሃል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች። ክረምት ላይ ለበጎ ፈቃድ ትወጣላችሁ። አጥር ትቀባላችሁ፣ ፎቶ ትነሣላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። አጥሩን ማንም ይቀባዋል። እናንተ የምታውቁትን ማን ያስተምርላችሁ?

አንድ እፍኝ ጤፍ ይዛችሁ ክፍል ግቡ። ንግግር አታብዙ። አንድ ግራም መዝኑና ልጆቹ ይቁጠሩት። ከ2,500 እስከ 3,000 ፍሬ ያገኛሉ፤ ቢሰለቻቸው ሩቡን ይቁጠሩና በአራት ያባዙ፣ ሒሳብም ተማሩ ማለት ነው። ከዚያ ጠይቋቸው፦ ይህን የምታክል ፍሬ ገበሬው በእጁ ማሳው ላይ እኩል የሚበትነው እንዴት ነው? ለምንስ ጥልቅ አድርጎ አይቀብራትም? አገዳው ቀጭን ስለሆነ ንፋስና ዝናብ ሲመጣ ጤፉ ይጋሸባል፣ ማለትም መሬት ላይ ይተኛል፤ ታዲያ ማዳበሪያ ሲበዛበት ለምን ይብስበታል? ይህ ፊዚክስም ባዮሎጂም ነው።

ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ታሪክም ንገሯቸው። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ጤፍ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶ/ር ታረቀ በርሄ ሰዓቷን አገኙት። ቢሾፍቱ ያሉት ተመራማሪዎች በኋላ ነጩን ማኛ ጥሩ ምርት ከሚሰጠው፣ ዱከም ከተባለው ዝርያ ጋር አዳቀሉና ቁንጮን እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው አወጡ። ከሸገር የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የተሠራ ሥራ ነው፤ ልጆቻችን ግን ቢሾፍቱን የሚያውቁት በሐይቁና በሪዞርቱ ነው።

መምህራን «ቦታ የለንም» ትላላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤት ፎቅ ቤት ተከራይቶ እንደሚያስተምር አውቃለሁ። ግን ለአምስት የገብስ ፍሬ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና መስኮት ይበቃል። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ ነው፤ ይህ እውነት ነው። መስከረም ላይ ሲከፈት ግን ማሳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ኅዳር ላይ አጨዳ አለ። በዓመት አንዴ ለመዝናኛ የምትከራዩትን አውቶቡስ ወደዚያ አዙሩት።

ያረፈደውን ልጅ ግን ሌላ ቅጣት ፈልጉለት።