ማልያ ሞልቷል፣ ጨዋታ ነው የጠፋው

ያክስቴ ልጅ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማትርቅ ከተማ የስፖርት መምህር ነው። የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድንም ያሠለጥናል። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ከሥራ መልስ በሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሠልጣኝ ነኝ። ሁለታችንም ለዚህ ሥራ አንከፈልም። ልዩነቱ ለኔ ፊሽካና ጃኬት ተሰጥቶኛል፣ እሱ ፊሽካውን የገዛው ከኪሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. አገር ቤት ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየሁ የሱን ቡድን ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ጨዋታ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ስለምንልከው እርዳታ ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ።

የሲያትሉ ቡድን ሥራ የሚጀምረው በወረቀት ነው። ልጁ ሐኪም አይቶት "መጫወት ይችላል" የሚል ፎርም ካላመጣ ኳስ አይነካም። ወላጅ ይፈርማል። የክፍል ውጤቱ ይታያል። አሠልጣኙም ቢሆን የወንጀል ሪከርዱ ይጣራል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ይማራል፣ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሥልጠና ይወስዳል። ይኼ የመጨረሻው ቀልድ የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ። ትንሽ አረፈና ተመልሶ ገባ። ከዚያ ለከባድ የአካል ጉዳት ተዳረገ። ስቴቱ በ2009 ሕግ አወጣ፤ ጭንቅላቱን ሳይመታ አልቀረም የተባለ ልጅ ወዲያው ይወጣል፣ የሕክምና ባለሙያ ፈርሞ ካልለቀቀው አይመለስም። ሌሎቹ ስቴቶችም ተከተሉ።

ጎጃም ላይ ሁለት ልጆች ቴስታ ሊመቱ ዘለው ግንባር ለግንባር ሲላተሙ አየሁ። አንዱ ወደቀ። ውሃ ደፉበት፣ ተነሳ፣ "ምንም አልሆንኩም ቲቸር" አለና ገባ። ተመልካቹ "ወንድ!" ብሎ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ከአሜሪካ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ግባ ብባል ያንን ሕግ ነው የምይዘው። ሻንጣ አይሞላ፣ ቀረጥ አይከፈልበት።

ወረቀቱ ሲያልቅ ወላጅ ይጀምራል። ሲያትል ውስጥ የዋናው አሠልጣኛችን ትልቁ ሥራ ኢሜይል መመለስ ነው። "ልጄ ለምን ሃያ ደቂቃ ብቻ ተጫወተ?" ብዙዎቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ በክለብም ይጫወታሉ፣ ለዚያም ቤተሰብ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ያን ያህል ያወጣ ሰው ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት አይፈልግም። የኛዎቹ የሐበሻ ወላጆች ሌላ ናቸው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይደርሳሉ፣ በአማርኛ "አቀብል! አቀብል እንጂ!" ይላሉ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ስለ ልጁ የሒሳብ ውጤት እኔን ይጠይቁኛል።

ያክስቴን ልጅ ወላጅ ጨቅጭቆት አያውቅም። ሜዳ የሚመጣ ወላጅ የለማ። እሱን የሚያስቸግረው ከብት ነው። ክረምቱን ሜዳው ሣር ለብሶ ይከርማል፣ የሰፈሩ ላም ሁሉ ይሰማራበታል። የጎሉ ቋሚዎች ባህር ዛፍ ስለሆኑ መስከረም ላይ አይገኙም። ወይ ማገዶ ሆነዋል፣ ወይ የአንዱን በረት ደግፈው ቆመዋል። ሌላ ይቆርጣል። መስመሩን የሚያሰምረው በአመድ ነው፤ አመዱን የሚሰጡት ጎረቤት ጠላ የሚሸጡ እናት ናቸው። ታኬታ ያላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። የቀረው በሸራ ጫማ ወይም በኮንጎ ይጫወታል። ስለዚህ ተጫዋች ሲቀየር ጫማም ይቀየራል። የሚወጣው ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያወልቃል፣ የሚገባው ያጠልቃል፣ ከሰፋው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ቁምጣ ግን ችግር ሆኖ አያውቅም። ጎጃም ነዋ።

ከሁሉ የገረመኝ የልምምዱ ፕሮግራም ነው። ከቡድኑ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚጓዝ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ። እንጀራው ሰኞና ማክሰኞ ደህና ነው። ረቡዕ መሻገት ይጀምራል። ሐሙስ ድርቆሽና ቆሎ ነው፣ እሱም ከተረፈ።

ያክስቴ ልጅ ልምምዱን የሚያወጣው በዚህ ስንቅ ልክ ነው። ሰኞና ማክሰኞ በደንብ ያስሮጣቸዋል። ረቡዕ ጾምም ስለሆነ ማቀበልና ኳስ መቆጣጠር ብቻ። ሐሙስ ሜዳው ዳር አስቀምጧቸው ጠጠር እየደረደረ ስለ አሰላለፍ ያወራቸዋል። "ሐሙስም ሩጡ ብላቸው ይሮጣሉ" አለኝ። "ማታ የሚበሉት ግን የላቸውም፣ ወንድምዓለም።" አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ክለቦች ልጆቹን መለኪያ የተሰፋበት ሰደርያ ያለብሳሉ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ፣ ልባቸው እንዴት እንደመታ በስልክ ይነበባል። አሠልጣኙ ያንን አይቶ ልምምዱን ያቀላል ወይ ያከብዳል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ልጆቹን በደንብ የሚያውቃቸው የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ አላመነታም።

ኅዳር ሲገባ ቡድኑ ሳሳ። አጨዳ ደረሰ፣ በርበሬ ለቀማ ደረሰ። የመሐል ተከላካዩ ከነጭራሹ ጠፋ። አባቱ ዘንድ ሄድን። "ኳሱ ጤፍ ያጭዳል?" አሉን ቀና ሳይሉ። ያክስቴ ልጅ አልተከራከረም። ቅዳሜ ከተማ የቀሩትን ልጆች ሰብስቦ ወንፈል ገባ። እኔም አብሬ ገባሁ፤ ወገቤን የያዘኝ ሕመም ሲያትል ድረስ ተከትሎኛል። እስከ ማታ ታጨደ። እናትየው እንጀራ በሽሮ አቀረቡ፣ ለልጆቹም ቅራሪ ተቀዳ። አባትየው መረቁን። ሰኞ ተከላካዩ ልምምድ ላይ ነበር። ይህንኑ አሜሪካ ውስጥ ብናደርገው ስንት ፎርም ይፈረም እንደነበር ሳስብ ሳቄ መጣ። ኢንሹራንሱን ተዉት።

ይህ ሁሉ ልፋት የተለፋለት ውድድር ግን አጭር ነው። ጥሎ ማለፍ ነው። የካቲት ላይ በወረዳ ደረጃ ሁለት ጨዋታ አሸነፉ። መጋቢት ላይ አይሱዙ ላይ ቆመው ለዞን ውድድር ሌላ ከተማ ሄዱ። ሁዳዴ ነበር። የጎጃም ልጅ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። ጨዋታው ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ተባለ። ያክስቴ ልጅ አዘጋጆቹ ዘንድ ሄዶ ወደ አሥር ሰዓት እንዲያዛውሩለት ለመነ። "ከናንተ በኋላ ሌላ ጨዋታ አለ፣ ይመሻል" አሉት። ተመልሶ ልጆቹን "ቅመሱ፣ የንስሐ አባታችሁን እኔ አነጋግራለሁ" አላቸው። አንድም የቀመሰ የለም። ተጋጣሚዎቹም ጾመኞች ነበሩ፤ እነሱ ግን የመጡት ከቤታቸው ነው። የኛዎቹ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለዜሮ መሩ። ከእረፍት በኋላ እግራቸው ከዳቸው። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

አለቀ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ተለፍቶ ሦስት ጨዋታ። ግማሾቹ አሥረኛ ክፍል ነበሩ፣ ከፊታቸው ማትሪክ ነበረ። ለነሱ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሲያትሉ ቡድናችን አብዛኛውን ጨዋታ ተሸንፏል። ግን አሥራ አምስት ያህል ጨዋታ ተጫውቷል። መጀመሪያ ላይ ኳስ ሲመጣበት ጀርባውን ይሰጥ የነበረ ተከላካይ ነበረን። ሰባተኛው ስምንተኛው ጨዋታ ላይ ሰው ሆነ። ቢሸነፍም በሳምንቱ ደግሞ ስለሚገባ ነው። ጎጃም ላይ እንዲህ ያለውን ልጅ አሠልጣኙ አያሰልፈውም። እንዴት ያሰልፈዋል? አንዴ ከተሳተ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ዕድሜ የማጭበርበሩም ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስነሳ ዕድሜያቸውን ያጣራል። ወረዳ ላይ የሚጣራው በጢም ነው። በርግጥ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነው፤ ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጨዋታ የሚወድቅ አሠልጣኝ ትልልቁን ልጅ መምረጡ አይቀርም፣ ትንሹና ብልሁ ልጅ ኳስ አቀባይ ሆኖ ይቀራል።

ኦስሎ የሚኖር ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ። ኖርዌይ ውስጥ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ላልሞላ ልጆች የደረጃ ሰንጠረዥ ማውጣት ክልክል ነው። ማን አንደኛ ወጣ የለም። ይኼም ለኔ ትንሽ በዛ። ልጅ መሸነፉን ይወቅ እንጂ። ተሸንፎ በሳምንቱ ይመለስ ነው የምለው።

ወደ እኛ ወደ ዳያስፖራዎቹ ልምጣ። እኛ ማልያ መላክ እንወዳለን። ማልያ ለፎቶ ይመቻል። ጀርባው ላይ የማኅበራችን ስም ይጻፍበታል፣ ልጆቹ ተሰልፈው ይነሳሉ፣ ፎቶው ግሩፓችን ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉም "እግዚአብሔር ይስጥልን" ይላል። ያክስቴ ልጅ ቢሮ ውስጥ ካርቶን ሙሉ ማልያ አየሁ። ለሦስት ጨዋታ ስንት ማልያ ይለበሳል? በሽታው የእኛ ብቻም አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ያንን የሚያህል ስታዲየም ተሠራ። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሴቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍበት ሕዝቡ ጎርፎ ነበር። እኔ ጎጃም በነበርኩበት ዓመት ባሕር ዳር ከነማ ገና ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ ስለነበር የልጆቹ ወሬ ሁሉ ስለሱ ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው መስፈርት አያሟላም ስላለ ኢትዮጵያ ከጋና ጋር የነበራትን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጆሃንስበርግ ሄዳ አደረገች። ከሩቅ የሚታየውን ትልቅ ነገር መሥራት እንችልበታለን። በየሳምንቱ መደረግ ያለበትን ትንሽ ነገር ነው የማንችልበት።

ያክስቴን ልጅ "ምን ይላክልህ?" ስለው ያሰበበት ነገር ነበር። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ሁሉም ያሉት አንድ አስፋልት ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያሉ አራት ትምህርት ቤቶች እየዞሩ ይጫወቱ። የጎደለው ሚኒባስና ለስላሳ ነው። ቀኑስ? ቅዳሜ ገበያና ስንቅ ነው፣ አይሆንም። ዓርብ ልጁ መንገድ ላይ ነው። እሑድ አሥር ሰዓት አለ። ቤተ ክርስቲያን ተስሟል፣ ልጁ ስንቁን ይዞ ተመልሷል፣ እናቱ ቤት በልቶ ነው የመጣው።

ሲያትል ተመልሼ ለማኅበራችን ተናገርኩ። ስብሰባው ረጅም ነበር። አንዱ "የሚኒባስ ኪራይ ፎቶው የት አለ?" አለ፤ እየቀለደ አልነበረም። እንደምንም ገንዘቡ ተላከ። ለማልያ ያሰብነው ብር ለወራት ኪራይ በቃ። በ2012 ዓ.ም. እሑድ እሑድ ተጫወቱ። ያክስቴ ልጅ ቡድን ከአራቱ ሦስተኛ ነበር፤ በስልክ ሲነግረኝ ግን እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። "ያ ቀጭኑ ልጅ የግራ ተከላካይ ሆነልኝ እኮ" አለኝ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ጨዋታውም ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ያክስቴ ልጅ ስልክ ሲሠራ ይደውላል። ስለ ኳስ የምናወራው መጨረሻ ላይ ነው፣ ካርዱ ካላለቀ።

ባለፈው ሰሞን ግሩፓችን ላይ አንድ ሰው "ሰላም ሆኖ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ለልጆቹ ምን እንላክ?" ብሎ ጠየቀ። ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፤ "ማልያ!" ከታች አውራ ጣት ተደረደረለት። እኔም ጻፍኩ፤ "የአራት ወር የሚኒባስ ኪራይ፣ እሑድ አሥር ሰዓት።" እስካሁን ሁለት አውራ ጣት አግኝቻለሁ፤ አንዱ የባለቤቴ ነው።