እርማት፦ ቴራንስ አትማን ከሰማይ ዱብ አላለም

ወንድሜ፣ ስለ ሲንሲናቲው የቴኒስ ውድድር የጻፍከውን በደስታ አነበብኩት። ፈረንሳዊው ቴራንስ አትማን «በአንድ ሳምንት ከምንም ተነስቶ ኮከብ ሆነ» ያልከው ግን ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰውም እንደዚሁ ያወራል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ቴይለር ፍሪትዝንና ሆልገር ሩነን ጥሎ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ በዓለም 136ኛ ነበር። እዚያ ደረጃ ለመድረስ ራሱ ስንት ዓመት ይፈጃል! ከሁሉም በታች ያለው የአይቲኤፍ (የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን) ውድድር ነው። ኤም15 በሚባለው እርከን ጠቅላላው ሽልማት 15 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ እሱም ለተጫዋቾቹ ሁሉ ይከፋፈላል። የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የአሰልጣኝ ወጪ የሚወጣው ደግሞ ከተጫዋቹ ኪስ ነው። ከዚያ በላይ ቻሌንጀር የሚባል የውድድር እርከን አለ፤ ከስሙ ጎን ያለው 50 ወይም 125 የሚል ቁጥር ሻምፒዮኑ የሚያገኘውን ነጥብ ይነግርሃል። አትማን ያደገው በእነዚህ ሜዳዎች ነው፤ በቻሌንጀር ዋንጫም አንስቷል። በ2024ም በሮላንድ ጋሮስ (በፈረንሳይ ኦፕን) ዋናው ውድድር ላይ ተጫውቷል።

ሲንሲናቲም የገባው በማጣሪያ በኩል ነው፤ ይህ በጣም የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። በመጨረሻ በግማሽ ፍጻሜው ጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር አሸነፈው፤ አትማን ግን ከዚያ ውድድር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ምርጥ 100 ተጫዋቾች ተርታ ገባ።