ካርፑ እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት በሩ ይዘጋ

በኖቬምበር 2023 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሚኒሶታ ውስጥ ዊኖና ከተማ አጠገብ ካርፕ የተባሉ 323 ወራሪ ዓሦች ከሚሲሲፒ ወንዝ በመረብ ወጡ። በክፍለ ግዛቱ ይህን ያህል ወራሪ ካርፕ በአንድ ዘመቻ ተይዞ አያውቅም ነበር። ባለሙያዎቹ መንጋውን ያገኙት በዕድል አይደለም። ቀደም ሲል ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሆዳቸው ውስጥ ተቀብሮ የተለቀቁ ካርፖች ነበሩ፤ እነሱ ወደ ዘመዶቻቸው ሲቀላቀሉ ምልክቱን ተከትለው ደረሱባቸው። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን እነዚያ ዓሦች ዊኖና የደረሱት የወንዙ በሮች ክፍት ስለሆኑ ነው፤ በሮቹ ዛሬም ክፍት ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ሩቅ ደቡብ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርካንሳስ ውስጥ ዓሣ አርቢዎች የኩሬያቸውን አልጌ እንዲበሉላቸው ሲልቨርና ቢግሄድ የተባሉትን ካርፖች ከእስያ አስመጡ። ግራስ ካርፕ ከእነሱ ቀድሞ በ1963 ገብቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ከኩሬ አምልጠው ወንዝ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በሚሲሲፒና በገባሮቹ ሽቅብ እየወጡ ነው። ሲልቨር ካርፕ የሞተር ጀልባ ድምፅ ሲያስደነግጠው እስከ 3 ሜትር ከውሃው በላይ ስለሚዘል ሰው ፊት ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ሰው የሚያወራው ስለዚህ ዝላይ ነው፤ ዋናው ጉዳት ግን ውሃው ውስጥ ነው።

ሲልቨሩም ቢግሄዱም ጥርሳቸውን ለአደን አይጠቀሙም፤ ውሃውን አፋቸውን ከፍተው ያጣራሉ። የሲልቨሩ ስንጥብ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ስፖንጅ የሆነ ወንፊት ስላለው በዓይን የማይታየውን አልጌ ሳይቀር ያስቀራል። ጨጓራ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ይበላል። ቢግሄዱ ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሁለቱም የሚበሉት ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳት ነው፤ የሚኒሶታ ሰው የሚወደው ዎልአይ የተባለው ዓሣ ጫጩትም ከእንቁላል እንደወጣ የሚበላው ያንኑ ነው። በኢሊኖይ ወንዝ ካርፑ ከበዛ በኋላ እንደ እሱ ፕላንክተን የሚበሉት ቢግማውዝ ቡፋሎና ጊዛርድ ሻድ መክሳታቸው በጥናት ታይቷል።

ታዲያ ሰሜኑ እስካሁን ለምን ተረፈ? አንዱ ምክንያት የእንቁላሉ ጠባይ ነው። አንዲት ሴት ካርፕ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የምትጥለውም ውሃው ሲሞቅና ወንዙ ሲሞላ ነው። እንቁላሉ ፍጥነት ባለው ውሃ ተንሳፍፎ እየተንከባለለ መጓዝ አለበት። በሞቀ ውሃ ለመፈልፈል አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ እስከዚያ ግን ውሃው ቢዝል ወደ ታች ሰጥሞ ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። የላይኛው ሚሲሲፒ በግድቦች ተቆራርጦ ረጋ ስላለ ለካርፑ አልተመቸውም። በሚኒሶታ ውሃ ውስጥ መራባቱ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ የሚያዙት ከታች የመጡ ትልልቅ ዓሦች ናቸው። አንድ ሙቅና ጎርፍ የበዛበት ዓመት ይህን ሊገለብጠው ስለሚችል ሥራው ዛሬ መሠራት አለበት።

በሩን የምዘጋው የት ነው ለሚል ሰው መልሱ ግድብ ቁጥር 5 ነው። ግድቡ ከዊኖና ትንሽ ወደ ላይ ነው ያለው። ካርፕ ግድብ የሚያልፍበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጎርፍ ጊዜ የግድቡ በሮች ሙሉ በሙሉ ሲነሱ ነው፤ ቁጥር 5 ላይ ይህ የሚሆነው ከብዙዎቹ ግድቦች ባነሰ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሎክ የተባለው፣ መርከብ ግድቡን የሚሻገርበት ባለ በር ክፍል ነው፤ በሩ ተከፍቶ ጀልባው ሲገባ ዓሣውም አብሮ ይገባል። ስለዚህ የሎኩ መግቢያ ላይ ድምፅ፣ የአየር አረፋና ብርሃን አንድ ላይ የሚለቅ መከላከያ መትከል ያስፈልጋል። ድምፅ የተመረጠበት ምክንያት አለው። የካርፕ ወገን የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች ስላሉት ዎልአይና ስተርጅን የማይሰሙትን ቀጭን ድምፅ አጥርቶ ይሰማል። አረፋው ድምፁን አንድ ቦታ አጥሮ እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። ተመሳሳይ መሣሪያ በ2019 ኬንታኪ ውስጥ ባርክሊ ሎክ ላይ ተተክሎ ተሞክሯል። አንድም ዓሣ አያልፍም ማለት አይደለም። የሚያልፈው ጥቂት ከሆነ ግን ወንዱና ሴቷ በአንድ ቦታ በብዛት ተገናኝተው የመራባት ዕድላቸው ይጠባል፤ ያለፉትንም መረብ ሊደርስባቸው ይችላል።

በር መዝጋት እንደሚቻል ሚኒያፖሊስ አሳይታለች። በጁን 2015 የላይኛው ሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ሎክ በፌዴራል ሕግ ተዘጋ። የአሸዋና የብረት ቁርጥራጭ ጫኝ ጀልባዎች ሥራ ቀረ፤ ይህ ቀላል ኪሳራ አልነበረም። ከዚያ በላይ ያለው ወንዝና ከእሱ ጋር የሚገናኘው ሐይቅ ሁሉ ግን ከታች ሽቅብ ለሚዋኝ ካርፕ ዝግ ሆነ።

የዘገየ ሰው የሚከፍለውን ለማየት ቺካጎን መመልከት ይበቃል። በ1900 የተከፈተው ቦይ የሚሲሲፒን ተፋሰስ ከሚሺጋን ሐይቅ ጋር አገናኘ። ቦዩ ላይ ሮሚዮቪል በተባለ ቦታ ከ2002 ጀምሮ ውሃው ውስጥ የኤሌክትሪክ መከላከያ ተተክሏል። ነገር ግን የጭነት ጀልባ ብረት ኤሌክትሪኩን ያዳክመዋል፤ ትንንሽ ዓሦችም በጀልባዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ተይዘው ሊሻገሩ ይችላሉ። በ2010፣ በ2017 እና በ2022 ከመከላከያው ወዲያ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ አንዳንድ ካርፕ ተይዟል። አሁን ጆሊየት ከተማ አጠገብ ብራንደን ሮድ ላይ ኤሌክትሪክ፣ ድምፅ፣ አረፋና ሎኩን የሚያጥብ ውሃ አንድ ላይ የሚይዝ ሥራ ታቅዷል። ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በ2024 ስምምነት የፈረሙበት ይህ ሥራ 1.15 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል ተብሎ ተገምቷል።

"ጥሩ ዓሣ ነው፤ በልተን እንጨርሰው" የሚለውን ሐሳብ አከብራለሁ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ኢሊኖይ በ2022 "ኮፒ" የሚል አዲስ ስም አውጥታለት ለገበያ አቅርባዋለች። ችግሩ በሥጋው ውስጥ የተበተነው ሹካ መሰል አጥንት ነው። የሐዋሳ ዓሣ ጠባሾች እንደሚያደርጉት ጎኑን ጠጋ ጠጋ አድርጎ በስለት ሰንጥቆ በጋለ ዘይት መጥበስ አጥንቱን ያቀለዋል። መረቡም በኢሊኖይ ወንዝ ላይኛው ክፍል የካርፑን ብዛት በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ነጋዴ ዓሣ የሚያጠምደው ብዙ ባለበት ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ካርፑ ገና ጥቂት ስለሆነ ገበያው አይደርስለትም። ጣና ላይ እምቦጭ በእጅ ሲነቀል፣ ተመልሶ ሲበቅል ያየ ሰው ከተስፋፋ በኋላ የሚደረግ ነቀላ መጨረሻ እንደሌለው ያውቃል።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ መንጠቆ ይዘው ወንዝ ለሚወርዱ ወገኖች ደግሞ ይህ ይጠቅማል። ከውሃው ስትወጡ የጀልባውን ውታፍ ነቅላችሁ ውሃውን እዚያው አፍስሱ። የተረፈውን ማጥመጃ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት፤ ትንሹ ሲልቨር ካርፕ ለመንጠቆ ከሚያገለግለው ጊዛርድ ሻድ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ወራሪው በዓይኑ ይታወቃል፤ ዓይኑ ከአፉ መስመር ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ ቅርፊቱ ደቃቅ ነው፣ ቀድሞ የሚታወቀው ተራ ካርፕ ያለው ዓይነት ጢምም የለውም። ሆዱን ስትዳስሱ ስለታሙ ጠርዝ እስከ ስንጥቡ ከደረሰ ሲልቨር ነው፤ የቢግሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ከያዛችሁት መልሳችሁ አትልቀቁት። ፎቶ አንሡት፣ የያዛችሁበትን ቦታ መዝግቡና በዚያው ቀን ለክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አሳውቁ፤ ዓሣውንም አስረክቡ። ጆሮው ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት የተወለደበትን ውሃ ማዕድን ይዛ ስለምትቆይ፣ ባለሙያዎቹ ዓሣው ከታች የመጣ ይሁን እዚሁ የተፈለፈለ የሚለዩት በእሷ ነው።