በሩን ዘግቶ ከማድመጥ ከፍቶ መፈተሽ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ኮፈኑን ከማስከፈቱ በፊት በሩን ይዘጋል። «ድም» ካለ «ይሄ ዕቃ ነው» ይባላል፤ «ቿ» ካለ ደግሞ «ቆርቆሮ ነው» ተብሎ የመኪናው ዋጋ እዚያው ይወርዳል። ለዚህ ልማድ መለኪያ ሆነው የኖሩት መርሴዲስ ደብልዩ 123 እና ደብልዩ 124 ናቸው፤ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ደግሞ በሩ ቀላል በመሆኑ ብዙ ሲታማ ኖሯል። ልማዱ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የበር ድምፅ የሚናገረው በአብዛኛው ፋብሪካው ለገዢው ጆሮ ምን ያህል እንደተጨነቀ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ፣ በሩ ተፈትቶ ተመልሶ ተገጥሞ እንደሆነ፣ ከሥር ዝገት ጀምሮት እንደሆነ ከድምፁ አይታወቅም። እንዲያውም ድምፁ ሊያሳስት ይችላል።

በር ሲዘጋ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ድምፆች ይደራረባሉ። በበሩ ጠርዝ ባለው ሰራቱራ (የበሩ መቆለፊያ) ውስጥ ያለው መንጠቆ በሩ በሚያርፍበት የመኪናው ቋሚ ላይ በቡሎን የታሰረውን መያዣ ብረት ሲያገኝ ይዞርና ይነክሰዋል፤ ከኋላ ያለች ትንሽ ጥርስ መንጠቆው እንዳይመለስ ትቆልፈዋለች። ስሉ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ የብረት ግጭት ነው። በዚያው ቅጽበት የበሩ ዙሪያ ጎማ ይጨመቃል። ሦስተኛው የውጭው ላሜራ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነና ስፋቱ ትልቅ ስለሆነ፣ የሚይዘው ነገር ካላገኘ እንደ ከበሮ ይነዝራል።

ጆሯችን «ጥሩ ነው» የሚለው ድምፅ ወፍራም፣ አጭርና ተከታይ የሌለው ነው። የማይወደው ደግሞ ቀጭን፣ የሚጎተትና ከኋላው ሌላ ትንሽ መንቀጫቀጭ የሚያስከትለውን ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ይህን በማይክሮፎን ይለካሉ፤ የድምፁ ጉልበት በ«ሶን»፣ ስለቱ በ«አኩም» ይቆጠራል። ከዚያ ያርሙታል። የሰራቱራው መንጠቆ በፕላስቲክ ይሸፈናል። በላሜራው የውስጥ ገጽ ላይ ንዝረት የሚያፍን የቢቱመን (ሬንጅ መሰል) ወይም የቡቲል (ጎማ መሰል) ቁራጭ ይለጠፋል። ላሜራውና በበሩ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ምሰሶ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ለስላሳ ማስቲክ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ርካሽ ናቸው። ርካሽ መኪና የውድ መኪና ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ከባድ ያልሆነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው መርሴዲስ ደብልዩ 140 ላይ በሩን በአየር መሳብ ኃይል እየጎተተ የሚዘጋ መሣሪያ ቀርቦ ነበር፤ እንዲህ ያለውን በር አጋጭቶ ጥራት መለካት ትርጉም የለውም፤ የሚያተርፈው መሣሪያውን መጉዳት ብቻ ነው።

ከድምፁ ጋር አብሮ የሚነሣው እምነት «በሩ ከባድ ከሆነ ሲገጩህ ያድንሃል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም፤ ስሕተት ነው። ከጎን የሚመጣ ግጭት የሚመከተው በበሩ ውስጥ ባለው የብረት ምሰሶ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ቋሚ፣ ከእግር በታች ባለው ወለልና በጎን ኤርባግ ነው። ለጎን ግጭት የሚነፋ ኤርባግ በመኪና ላይ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቮልቮ 850 ነው፤ ስለዚህ «እንደ ካዝና ይዘጋል» የሚባልለት ደብልዩ 123 ይህ የለውም። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ያጠበቀው የጎን ግጭት ፈተና 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተንቀሳቃሽ ግድግዳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እያስመጣ በመኪናው ጎን ላይ ያሳርፋል። ያን የሚችል በር በጠንካራ ብረት የተሠራ ሆኖ ሳለ በእጅ ሲያዝ ቀላል ሊሆን ይችላል።

የሰራቱራም መለኪያ ድምፅ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ ሙሉ በሙሉ የተቆለፈ ሰራቱራ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ 11,000 ኒውተን መቋቋም አለበት፤ ይህ የ1,100 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። በግማሽ የተያዘ በር ግን የሚጠየቀው 4,500 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው በቀስታ ዘግቶት ዳሽቦርዱ ላይ የበር መብራት የበራበት መኪና በሩ «ይዟል» ተብሎ መነዳት የለበትም።

በሩ ሲዘጋ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ፦ አየር። በር ሲዘጋ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ መውጫው ብዙ ጊዜ ከኋላ ባምፐር ጀርባ የተደበቀ፣ ቀጫጭን የጎማ ክዳን ያለው ቀዳዳ ነው። የድሮው ቮልስዋገን በሩን ለመዝጋት መስኮት ከፈት የሚደረግለት አየር መውጫ ስለሚያጣ ነበር፤ ሰው ግን ይህን የጥንካሬ ምልክት አድርጎ ወሰደው። ፍተሻው ቀላል ነው። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው በሩን ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ ከዚያ አንድ መስኮት ከፍተው ያንኑ ይድገሙ። መስኮት ሲከፈት ብቻ በቀላሉ የሚዘጋ ከሆነ የአየር መውጫው ተደፍኗል ማለት ነው። ኋላው ተገጭቶ በተሠራ መኪና ላይ ቀዳዳው በማሸጊያ ወይም በሥረ ቀለም ተዘግቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከከበደ ጥፋቱ በጎማው፣ በማጠፊያው ወይም በመያዣው ብረት ላይ ነው።

አሁን በሩን ይክፈቱት። ግማሽ ላይ አቁመው የጠርዙን ታች በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይ ያንሡት። ሲነሣ «ቀጭ» ብሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የማጠፊያው ቡሽ (በማጠፊያው ዘንግ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ተበልቷል። ሙሉ የፊት በር ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን በቀን መቶ ጊዜ የሚከፈት በር ቡሹን ይጨርሳል፤ በቤት መኪና ላይ አስቀድሞ የሚያልቀው የሾፌሩ በር ነው፣ በታክሲ ላይ ደግሞ የተሳፋሪው። ቀጥሎ መያዣውን ብረት ይመልከቱ። ሰራቱራው መካከሉን ሲነክሰው ኖሮ ከሆነ የመፋቅ ምልክቱ እዚያው መካከል ነው። ምልክቱ ከላይ ከሆነ በሩ ወርዷል፣ ሲዘጋም ሰራቱራው ወደ ላይ እየተገፋ ነው የሚገባው።

በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም አቀፍ ደረጃ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት ካርድ ሲደራረብ 3 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ደግሞ 3.8 ይሆናል። በዘመናዊ መኪና ክፍተቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መካከል ይሆናል፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ያን ያህል አያስጨንቅ። መታየት ያለበት ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑ ነው። ከላይ አራት ካርድ አስገብቶ ከታች ሁለት ብቻ የሚያስገባ በር፣ በግራ በኩል ያለው አቻው ግን ከላይ እስከ ታች አራት የሚያስገባ ከሆነ፣ አንድ ታሪክ አለው።

ታሪኩን የሚናገሩት ቡሎኖቹ ናቸው። የማጠፊያ ቡሎኖች ብዙ ጊዜ ከቦዲው ጋር አብረው በፋብሪካ ይቀባሉ። የቡሎኑ ራስ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቁልፍ ገብቶበታል። በሩ ተፈትቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተፈታ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ በቋሚው ላይ ያለውን ጎማ በእጅ ሳብ አድርገው ከሥሩ ያለውን የላሜራ ከንፈር ይመልከቱ። የፋብሪካ ብየዳ ክብ ክብ ሆኖ በተመሳሳይ ርቀት የተደረደረ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ከጠፉና ቦታው በስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ከለሰለሰ፣ ወይም ቀለሙ ላይ የወረቀት ቴፕ መስመር ከታየ፣ ቋሚው ራሱ ተቀጥቅጧል። ይህ ከበር ጉዳይ ያለፈ ነው።

ድምፅ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ስቱኮ በላሜራው ላይ ክብደት ይጨምራል፣ ንዝረቱንም ያፍናል። ተጨራምቶ በወፍራም ስቱኮ የተሞላ በር ሲዘጋ ካልተነካው አቻው ይልቅ «ድም» ሊል ይችላል፤ ገዢውም «ዕቃ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አንዱን በር ብቻ አይዝጉ፤ አራቱንም ዘግተው ያወዳድሩ። የፊት ግራና የፊት ቀኝ ድምፃቸው ከተለያየ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሰጠውን በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኩ ይሂዱ፤ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔትም ያስጠጉ። ስቱኮው በወፈረበት ማግኔቱ አይይዝም። በሩ አሉሚኒየም ከሆነ ግን የትም ስለማይይዝ ይህ ፍተሻ አይሠራም።

የበሩን ታችም ዝቅ ብለው ይዩ። በመስታወቱ ጎን የሚገባው የዝናብ ውኃ ከበሩ ሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። በአቧራና በጭቃ ሲደፈኑ ውኃው ይጠራቀምና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል፤ በሩ ሲወዛወዝ የውኃ ድምፅ ከተሰማ ነገሩ ከርሟል። በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ መክፈት ይበቃል። ሽቦ ቀለሙን ስለሚፍቅ ሌላ ዝገት ይጠራል። የመስታወት ማንሻ የተጠገነበት በር ላይ ደግሞ ከውስጥ ልባሱ ጀርባ የነበረው የውኃ መከላከያ ፕላስቲክ ተቀዶ የሚቀርበት፣ የተሰበሩት ክሊፖችም ሳይተኩ የሚገጠሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ምንጣፉ የሚረጥበውም፣ በሩ ሲዘጋ የሚንቀጫቀጨውም በዚህ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም።

ጋራዦች አዘውትረው የሚያጠፉት ነገር ቢኖር የወረደን በር መያዣውን ብረት ዝቅ በማድረግ «ማስተካከል» ነው። በሩ ይዘጋል፣ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል፤ ማጠፊያው ግን እንደተበላ ነው፤ በሩም መውረዱን ይቀጥላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ቡሹን ወይም ማጠፊያውን መቀየር፣ ከዚያ በሩን በማጠፊያው ቡሎኖች ማስተካከል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ መያዣውን ብረት መንካት ነው። እሱንም ሲነኩት ዙሪያውን በማርከር ያስምሩ፤ ሁለቱን ቡሎኖች ብረቱ በመዶሻ እጀታ መታ ሲደረግ እንዲንሸራተት ያህል ብቻ ያላሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አያንቀሳቅሱ። ከፍታው ይቅደም፣ የውስጥና ውጭው ይከተል። በሩ ከኋለኛው በር ጋር እኩል ሆኖ ነገር ግን ሲዘጋ ከከበደ፣ ከውጭ የተገዛው አዲስ ጎማ ከመጀመሪያው ይልቅ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ጎማው በትክክል መያዙን ለማወቅ ወረቀት በመካከሉ አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው፤ በዙሪያው ሁሉ እየያዘ መውጣት አለበት።

ቅባትን በተመለከተ፣ ማጠፊያና ሰራቱራ ነጭ የሊትየም ግራሶ ይወዳሉ፣ ጎማ ደግሞ ሲሊኮን። የሞተር ዘይት ማንጠባጠብ ለሁለት ሳምንት ጸጥታ ይሰጥና ከዚያ በኋላ የከተማውን አቧራ ሰብስቦ ቡሹን ይፍቃል።

በአክሰሰሪ ሱቆች የሚሸጠው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ የቡቲል ልጣፍ በእርግጥ ይሠራል። ላሜራውን በሙሉ ማልበስ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በውጭው ላሜራ የውስጥ ገጽ መካከል ላይ ከስፋቱ ሩብ ያህሉን መሸፈን አብዛኛውን ንዝረት ይገድለዋል። ቦታው በአልኮል መጽዳት፣ ልጣፉም በሮለር መዳመጥ፣ የውኃ መውጫዎቹም ነጻ መሆን አለባቸው። ለጣሪያ ማሸጊያ የሚሸጠው ሬንጅ በምትኩ ከተለጠፈ በፀሐይ ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ መስታወቱ የሚሄድበትም መንገድ ላይ ይወርዳል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ገበያው ላይ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ወግ ትንሽ ቀይረውታል። የሞተር ድምፅ ስለሌለ የበር መንቀጫቀጭ ጎልቶ ይሰማል፤ አምራቾቹም ለበር ድምፅ ብዙ ይደክማሉ። ስለዚህ «ድም» ማለቱ ከበፊቱም ያነሰ ይናገራል። በአንዳንዶቹ ሰራቱራው የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፤ 12 ቮልቱ ባትሪ ከሞተ ቁልፉ አይታዘዝም። ገዢው ከፊትም ከኋላም ወንበር ሆኖ በሩን ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፍተውን ገመድ ወይም ማንሻ ፈልጎ፣ ስቦ፣ በሩ መከፈቱን በዓይኑ ማየት አለበት።

ዋጋ ላይ ሲደረስ፣ የደረቀ ጎማ፣ የተሰበረ ክሊፕ፣ የተደፈነ የውኃ መውጫና የሚጮህ ማጠፊያ የቅናሽ መነጋገሪያ ናቸው እንጂ መኪና አያስጥሉም። የተበላ ቡሽ የማጠፊያውና የእጅ ዋጋው ታስቦ ይቀነሳል። አንድ በር የተቀየረበት መኪና ቋሚው ካልተነካ ሊገዛ ይችላል። የቋሚው ብየዳ የጠፋበት፣ በሩም በማጠፊያም በመያዣ ብረትም አልስተካከል ያለበት መኪና ግን፣ ምንም ያህል ደስ የሚል ድምፅ ቢያሰማ፣ በየትኛውም ቅናሽ አይወሰድም።